ሰንሩፍ ያለው መኪና ከጅቡቲ ሳይወጣ

ጅቡቲ ላይ ሰንሩፍ ያለው መኪና ስንረከብ ሞተሩንና ጎማውን ካየን በኋላ አንድ ኩባያ ውሃ እንጠይቃለን። አንዳንዱ ይስቅብናል፤ “ዝናብ በሌለበት አገር የጣሪያ ውሃ ምን ያሳስባችኋል?” ይላል። የሚያሳስበን ዝናብ አለመኖሩ ነው።

የሰንሩፍ ጎሚኒ አብዛኛውን ውሃ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አያግድም። ያለፈው በመስታወቱ ዙሪያ ባለው ቦይ ይጠራቀምና ከየማዕዘኑ በቀጭን ቱቦ ወርዶ ከመኪናው ሥር ይፈሳል። ቱቦው ከተደፈነ ውሃው ቦዩን ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገባል።

እዚህ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን ይነፍሳል። ውጭ የቆመ መኪና ቦዩ በደቃቅ አቧራ ይሞላል፤ ዝናብ ስለሌለ መደፈኑን ማንም አያውቅም። በእነዚያው ወራት አዲስ አበባ ክረምት ነው። መኪናው በጋላፊ አድርጎ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ዝናቡ ውስጥ ሲገባ አቧራው ጭቃ ይሆናል። ጅቡቲም ቢሆን ሲዘንብ አይጣል ነው፤ በኅዳር 2012 ዓ.ም. የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ የተባለበትን ጎርፍ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

አብሮን የሚሠራ አንድ ወንድማችን የዕቁብ ብሩን ያፈሰሰበትን መኪና ሊሸጥ አዲስ አበባ ላይ ገዢ አመጣ። ገዢው በሩን ከፍቶ ሽታው ሲመታው ተመለሰ። ሞኬቱ ሲነሣ ሥሩ ውሃ አቁሯል፤ የሽቦው መጋጠሚያም መዛግ ጀምሯል። መኪናው ሁለት ወር ቆሞ በኪሳራ ተሸጠ።

ሥራው ቀላል ነው። ሰንሩፉን ከፍታችሁ ቦዩን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። በየማዕዘኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ እያፈሰሳችሁ አንድ ሰው ከታች፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች አካባቢ መውጣቱን ይይ። ውሃው ከቆመ ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ቀስ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ጅቡቲ ላይ ይህ አይጠፋም። ጠንካራ ሽቦ ቱቦውን ይበሳል። የጎሚስታ ኮምፕሬሰርም አይሁን፤ ግፊቱ ቱቦውን ከመጋጠሚያው ሊነቅለው ይችላል፤ ያን ጊዜ የጣሪያው ጨርቅ ሊወርድ ነው። ከዚያ እንደገና ውሃ አፍስሳችሁ አረጋግጡ።

አንድ ነገር እንዳታምታቱ፦ ዝናብ ሳይዘንብ ከፊት ወንበር እግር ሥር ብቻ ከረጠበ፣ ብዙውን ጊዜ የተደፈነው የኤሲው ውሃ መውጫ ነው።

አገር ቤት ያላችሁ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ጊዜ እዩት፤ ዛፍ ሥር የምታቆሙ ደግሞ ቶሎ ቶሎ። ልትገዙ የምትሄዱም ስለ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት እጃችሁን ከሞኬቱ ሥር አስገቡ።