ሁለቱ ምስሎች ሲደራረቡ

በእኛ ቤት ወንዶች ስለ ሽንታቸው አይናገሩም። ሐያእ የሙእሚን ጌጥ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁንና አንድ አባት ሌሊት አራትና አምስት ጊዜ ከመኝታቸው እየተነሡ፣ ተራዊሕ ላይ ሶፉን ጥለው እየወጡ፣ ይህን ሁሉ ከልጆቻቸው ሸሽገው ዓመት ከከረሙ ነገሩ ሐያእ መሆኑ ይቀርና በሽታን ደብቆ ማሳደግ ይሆናል። በስደት በምንኖርባት በአውስትራሊያዋ ሜልበርን አባታችን ያደረጉት ይህንኑ ነበር። ነገሩን ለእኛ የነገሩን እናታችን ናቸው፤ አላህ ጀዛቸውን ይክፈላቸው።

ሌሊት መመላለስ ብቻውን የካንሰር ምልክት አይደለም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የፕሮስቴት ዕጢ በብዙ ወንዶች ላይ ያለ ካንሰርም ይተልቃል፤ ካንሰሩ ደግሞ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሰማም። የአባታችን የተገኘው ለሽንቱ ችግር ሲመረመሩ በደማቸው ውስጥ ፒ.ኤስ.ኤ. የተባለው ፕሮቲን ከፍ ብሎ በመታየቱ ነው። ከዚያ ዕጢው በኤም.አር.አይ. ታየ፤ አጠራጣሪ ቦታ ስለተገኘበት በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር መሆኑ፣ ያውም እየተከታተሉ ብቻ የሚተዉት ዓይነት አለመሆኑ ተነገረን።

እውነተኛው ጭንቀት የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካንሰሩ ከዕጢው ወጥቷል ወይስ አልወጣም? እዚያው ካለ በቀዶ ሕክምና ወይም በጨረር ሊወገድ ይችላል። ወጥቶ ወደ ንፍፊት ወይም ወደ አጥንት ከሄደ ግን ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ማውጣት በቂ አይሆንም። አባታችን ቶሎ ቆርጣችሁ ገላግሉኝ ይሉ ነበር። እኛም ያው ነበር ምኞታችን። ሐኪማቸው ግን መጀመሪያ አንድ ምስል ልይ አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ሲቲ ስካን የሚያሳየው ቅርጽንና መጠንን ነው። ንፍፊት ካላበጠ በሲቲ ዓይን ጤነኛ ነው፤ ካንሰር ግን ባላበጠ ንፍፊት ውስጥም ይቀመጣል። ፔት ስካን የተባለው ሌላው ምርመራ በበኩሉ ቅርጽን አጥርቶ አያሳይም፤ የሚያሳየው ሴሎቹ የሚያደርጉትን ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ሴሎች በላያቸው ላይ ፒ.ኤስ.ኤም.ኤ. የሚባል ፕሮቲን በብዛት ያበቅላሉ። ይህንን ፕሮቲን ፈልጎ የሚይዝ መድኃኒት ጋሊየም-68ን ከመሰለ ጨረር ከሚሰጥ ንጥረ ነገር ጋር ተያይዞ በደም ሥር ይሰጣል፤ ሄዶ የተጣበቀበት ቦታ በምስሉ ላይ ያበራል። ፔት ብቻውን ሲሆን ብርሃኑን ታያለህ፣ የት እንደሆነ ግን በትክክል አታውቅም። ሲቲ ብቻውን ሲሆን ቦታውን ታያለህ፣ ምን እንዳለበት አታውቅም። ሁለቱ ተደራርበው ሲነበቡ ነው መልሱ የሚመጣው።

ሁለቱን በአንድ አልጋ ያገናኘው የመጀመሪያው ለሰው የተሠራ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ ፒትስበርግ ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ ሐሳቡም የዴቪድ ታውንሴንድና የሮን ነት ነው። ለፕሮስቴት ምን ያህል እንደሚረዳ በሰፊው የተፈተነው ደግሞ እዚሁ አውስትራሊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ጥናት ካንሰራቸው ከበድ ያለ 302 ወንዶችን ይዞ አዲሱን ምርመራ ከተለመደው የሲቲና የአጥንት ስካን ጋር አወዳደረ፤ መሰራጨቱን ወይም አለመሰራጨቱን በትክክል የመለየት ብቃቱ የአዲሱ 92 በመቶ፣ የነባሩ 65 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በሽተኛው የሚቀበለው ጨረርም ከነባሩ ከግማሽ በታች ነበር። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2022 ጀምሮ የአገሪቱ ሜዲኬር ወጪውን መሸፈን ጀመረ።

የአባታችን ቀጠሮ በ1445 ሒጅራ ረመዳን ላይ ዋለ። ደብዳቤው ከምርመራው በፊት ብዙ ውኃ እንዲጠጡ ያዛል፤ መድኃኒቱ በሽንት ስለሚወጣና ፊኛም ከዕጢው አጠገብ ስለሆነ ካልታጠበ ምስሉን ይጋርዳል። አባታችን መርፌው አያሳስባቸውም ነበር፤ ምግብነት የሌለው የሕክምና መርፌ ጾም እንደማያፈርስ የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ወስኗል። ውኃው ነው ያስጨነቃቸው። ከዒድ በኋላ ይሁንልኝ ብለው ተከራከሩ። ሸይኻችን ቤት ድረስ መጥተው በሽተኛ ሌላ ቀን እንዲያወጣ አላህ የሰጠውን ሩኽሳ መመለስ ጀግንነት አይደለም ሲሏቸው ዝም አሉ። በማለዳ ውኃቸውን ጠጥተው ሄዱ፤ ያችን ቀን ከሸዋል በኋላ ቀዷ አወጡ።

ምርመራው ራሱ የሚያስፈራ ነገር የለውም። ከመርፌው በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተነሡ። ጋሊየም-68 በየ68 ደቂቃው በግማሽ ስለሚቀንስ በሰውነት አይከርምም፤ ቢሆንም ለጥቂት ሰዓታት ሕፃን እንዳያቅፉ ተነግሯቸው ስለነበር የአራት ወር የልጅ ልጃቸውን ያን ቀን ከሩቅ ሆነው ሲያጫውቱ ዋሉ።

ሐኪሙ ምስሉን በከፈቱ ጊዜ ደነገጥን። ጉንጫቸው ሥር ያበራል፣ ኩላሊታቸው ያበራል፣ ጉበታቸው ያበራል። አይዟችሁ፣ የምራቅ ዕጢና ኩላሊት በጤነኛም ሰው ያበራሉ አሉን። ጣታቸውን ያሳረፉት ግን ዳሌ ውስጥ ባለች አንዲት ነጥብ ላይ ነበር። ስድስት ሚሊ ሜትር የሆነች ንፍፊት ናት፤ ከሲቲው ብቻ ቢሆን ጤነኛ ተብላ ትታለፍ ነበር። አጥንታቸው ንጹሕ ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

በዚያች ነጥብ ምክንያት የቀዶው ሐሳብ ቀረ። ጨረሩ ንፍፊቶቹንም እንዲያካትት ተደርጎ፣ ከሆርሞን መድኃኒት ጋር ታዘዘላቸው። አባታችን ምስሉ ሁሉን አይቷል ወይ ብለው ጠየቁ። አይደለም፣ በጣም ጥቃቅኑን አያይም፣ ይህን ፕሮቲን የማያበቅሉ ጥቂት ካንሰሮችም አሉ፤ ያበራ ሁሉም ካንሰር አይደለም አሏቸው። ይህን ግልጽ መልስ ከምስሉ እኩል ወደድነው።

ጨረሩ አልቋል። የሆርሞኑ መድኃኒት ሙቀት እየላከ ሌሊት ያስነሣቸዋል፤ እርሳቸው ለተሐጁድ ነው የምነሣው ይላሉ። ደማቸው በየሦስት ወሩ ይታያል፤ ሌላ ስካን የሚታዘዘው ፒ.ኤስ.ኤ. ከተነሣ ብቻ ነው። አባቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ዕድሉ ከሌላው እጥፍ ያህል ስለሆነ ከእኛ ታላቁ፣ 51 ዓመት የሞላው፣ ባለፈው ሰኞ ደሙን ሰጥቷል። ወደ ላቦራቶሪው የሸኙት አባታችን ናቸው።