ሮቦት ከአገዳ

በወግዲ ቆላ ያደገ ልጅ የአገዳ መነጽር ሳያደርግ አላደገም። ማሽላው ተቆርጦ አገዳው ሲደርቅ ልጣጩን በጥርሱ ይልጣል፤ ነጩንና ለስላሳውን ውስጡን ይቆራርጣል፤ ከዚያ ልጣጩን እንደ ምስማር እየሰካ መነጽር፣ ጎጆ፣ በሬ፣ መኪና ይሠራል። ሙጫ የለ፣ ምስማር የለ፣ ገመድ የለ። ውስጡ ለስላሳ ስለሆነ ልጣጩን ያስገባዋል፤ እንደ ስፖንጅ ስለሆነም መልሶ ጨምቆ ይይዘዋል። ይህን ሥራ ማንም መምህር አላስተማረውም፤ ከታላላቆቹ አይቶ ነው የተማረው። ታዲያ ያው ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ይህን ሁሉ ዕውቀቱን በር ላይ ጥሎ ነው የሚገባው። ስለ አገዳው የሚጠይቀው የለማ!

እኛ ስድስት ሠልጣኞች ነን፤ ግማሾቻችን ከወግዲ፣ ግማሾቻችን ከመካነ ሰላምና ከከላላ የመጣን። በአካባቢ ከሚገኝ ቁሳቁስ የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሠርታችሁ አቅርቡ በተባልን ጊዜ ሌሎች ቡድኖች የፊደል ገበታ፣ ሚዛን፣ የምድር ሉል መረጡ። እኛ ግን ሮቦት አልን። ጀማሪ ልጅ ያለ ሙጫና ያለ መቀስ «ጠቅ» እያደረገ የሚገጣጥመው የሮቦት ሞዴል ማለታችን ነው። በማደሪያችን ትልቅ ሳቅ ሆነ። «የጠመኔ ያለህ በሚባልበት ክፍል ደግሞ ሮቦት?» ተባልን። ነገሩ ቀልድ ቢመስልም ጥያቄው ግን የሚናቅ አይደለም። ስለሆነም ለውድ አንባቢዎቻችን መልሳችንን በዚህ ጽሑፍ ማቅረብ ፈለግን።

በመጀመሪያ፣ ለመሆኑ ሮቦት ምንድን ነው? ቃሉን ለዓለም ያስተዋወቀው የቼክ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ እ.ኤ.አ. በ1920 ባሳተመው ተውኔት ሲሆን፣ ቃሉን የጠቆመው ደግሞ ሠዓሊ ወንድሙ ዮሴፍ ነበር። «ሮቦታ» በቋንቋቸው ገበሬ ለጌታው መሬት በግድ የሚሠራው የነፃ ሥራ ነው። የኛ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ አዲስ ነገር አይሆንባቸውም፤ ሁዳድ ማለት ነዋ! ዛሬ ቃሉ የሚነገረው ለመሣሪያ ነው። በዙሪያው ያለውን ነገር በአንዳች ስሜት መቀበያ የሚለይ፣ በተሰጠው ትእዛዝ መሠረት የሚወስን፣ ከዚያም የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ሮቦት ይባላል። የኛ የአገዳ ሰውዬ ከሦስቱ መንቀሳቀስን ብቻ ያውቃል፤ እሱንም ክር ሲጎተትለት ነው። ስለዚህ ሞዴል እንጂ ሮቦት አይደለም፤ ለተማሪዎቹም የነገርናቸው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ሮቦት ከአገራችን ርቆ የሚኖር ነገር አይደለም። የሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ለሠራት ለሶፊያ የአእምሮዋን ፕሮግራም በማዘጋጀት ረገድ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአይኮግ ላብስ ወጣቶች ተካፍለዋል። ሶፊያ በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ድረስ መጥታም ነበር። በጉዞዋ ላይ ግን ከአካል ክፍሎቿ የተወሰኑትን የያዘው ሻንጣ ፍራንክፈርት ላይ ጠፍቶባት፣ ያን ጊዜ ጎደሎ ሆና ነው የደረሰችው። ከዚህ አንድ ትምህርት ወሰድን፦ የሚገጣጠም ነገር አንዲት ክፍል ብትጎድለው ሁሉም ይጎድላል፤ ስለዚህ መጠባበቂያ ያስፈልጋል። ይህችን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

እንዲህ ዓይነት መገጣጠሚያ ዕቃ በዓለም ላይ ብዙ ነው። የዴንማርኩ ሌጎ ጡቦቹን የሚያያይዝበትን መንገድ እ.ኤ.አ. በ1958 በፈጠራ መብት አስመዝግቧል፤ የዚያን ዘመን ጡብ ከዛሬው ጋር ዛሬም ይገጥማል። የጃፓኑ ባንዳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በቴሌቪዥን ከታየው ጋንዳም ከሚባለው የካርቱን ፊልም ተነሥቶ በ1980 የሮቦት ሞዴሎችን መሸጥ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሙጫና ቀለም ይጠይቁ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ክፍሎቹ ቀለማቸውን እንደያዙ ከፋብሪካ እንዲወጡ፣ ሙጫም ሳያሻቸው በመጫን ብቻ እንዲያያዙ ተደረገ። ዛሬ ለጀማሪ በተዘጋጀው ዓይነት ክፍሎቹ ከማቀፊያቸው በእጅ ብቻ ይላቀቃሉ፤ መቁረጫም አይጠይቁም።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የመምህርነት ነገር ሆኖ የታየን። ሥራው ለልጁ ቀለለ ማለት ድካሙ ጠፋ ማለት አይደለም። ድካሙ ከልጁ እጅ ወደ ሠሪው እጅ ተዛወረ እንጂ! ልጁ በአንድ አፍታ «ጠቅ» የሚያደርገውን አንድ ሰው አስቀድሞ ቀኑን ሙሉ ሲለካው፣ ሲሞርደው፣ ሲሞክረው ውሏል። ጥሩ የትምህርት ዝግጅትስ ከዚህ በምን ይለያል?

ወደ ሥራችን እንግባ። ደረቱና ራሱ ከወፍራም ካርቶን፣ ክንዱና እግሩ ከማሽላ አገዳ፣ መዳፎቹ ካረጀ የነጠላ ጫማ ሶል፣ ዓይኖቹ ከቆርኪ ናቸው። ትልቁ ጣጣ መጋጠሚያው ነበር። የአገዳ ውስጥ ለአንድ ጊዜ ጥሩ ይይዛል፤ ደጋግመው ሲሰኩትና ሲነቅሉት ግን ቀዳዳው ይሰፋና ይላላል። ለክፍል የሚሆን ዕቃ ደግሞ በየቀኑ የሚፈታና የሚገጠም መሆን አለበት። ስለዚህ ችንካሩን ከሸምበቆ አደረግነው። የችንካሩን ጫፍ በቢላ ከሁለት ሰንጥቀን፣ ዳር ዳሩን እንደ ትንሽ ጉጥ ተውነው። ቀዳዳውን ደግሞ በፕላስቲክ የዘይት ጠርሙስ ክዳን ላይ በጋለ ሽቦ በስተን ክዳኑን ካርቶኑ ውስጥ ቀረቀርነው። ችንካሩ ሲገፋ ስንጥቁ ይጨመቃል፤ ጉጡ ቀዳዳውን ሲያልፍ ሸምበቆው ተመልሶ ይከፈታል፤ «ጠቅ» ይላል። ያቺ ድምፅ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ናት። ትክክል ሠራሁ ወይ ብሎ የመምህሩን ፊት ማየት ሳያስፈልገው ራሷ ትነግረዋለች።

ቀጥሎ ልጁ የሚደናገርባቸውን ቦታዎች አንድ በአንድ ዘጋን። ግራና ቀኝ እግር ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ስለዚህ ማቀያየር ስሕተት አይሆንም። የእግር ችንካር ወፍራም፣ የክንድና የራስ ችንካር ቀጭን ነው፤ ስለዚህ እግር በክንድ ቦታ ልግባ ቢል አይገባም። የመመሪያ ወረቀቱ አምስት ሥዕል እንጂ አንድም ቃል የለበትም፤ ገና ማንበብ ያልቻለ ልጅ ቁጥሩን ተከትሎ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚገጠሙት እግሮቹና መዳፎቹ ናቸው፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ሥዕል ላይ ሰውዬው በራሱ ይቆማል። የቆመ ነገር ያየ ልጅ ሥራውን አይተወውም።

ክፍሎቹ ስምንት ናቸው፦ ደረት፣ ራስ፣ ሁለት ክንድ፣ ሁለት እግር፣ ሁለት መዳፍ። ችንካሮቹም ስምንት ናቸው፦ ሰባቱ ለሰባቱ መጋጠሚያ፣ ስምንተኛዋ ቀጭን ችንካር መጠባበቂያ። ለምን ስምንት? ለተግባር ልምምድ የተመደብንበት ክፍል ስድሳ አራት ተማሪዎች ነበሩት። ስምንት ሮቦት ሠራን፤ ለአንድ ሮቦት ስምንት ልጅ ደረሰ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ክፍል በእጁ ሰጠነው። በቡድን ሥራ ጊዜ ፈጣኑ ልጅ ሁሉን ነጥቆ ሲሠራ፣ የኋላዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ሲያዩ የምናውቀው ነው። እዚህ ግን መዳፉን የያዘችው ልጅ ካልመጣች ሮቦቱ አይቆምም። የግድ ትጠራለች፤ «ነይ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው የምንጠብቅ!» ይሏታል። በስሙ ሁዳድ የነበረው ነገር በልጆቹ እጅ ደቦ ሆነ።

በዚያ ቀን ያላሰብነው አንድ ነገር ተፈጠረ። በገበያ ቀን ከብት እየጠበቀ ከትምህርት የሚቀር አንድ ልጅ ነበር። ቡድኑ ሮቦቱን ገጥሞ ሲጨርስ እሱ ግን ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ከዚያ፣ «ቲቸር፣ ይሄ እጁ ባዶ ነው። እርፍ ይያዝ እንጂ!» አለን። መልሳችንን ሳይጠብቅ ወጥቶ ከአጥሩ ሥር አገዳ አነሣ፤ በጥርሱ ልጦ እርፍና ሞፈር ሠራ፤ በዚያች በስምንተኛዋ መጠባበቂያ ችንካር ከሮቦቱ እጅ ጋር «ጠቅ» አደረገው። ክሩን ሲጎትተው ሮቦቱ እርፉን ይጫናል። ክፍሉ በእልልታ ቀለጠ። ሌላው ቡድን ወዲያው ለራሱ ምንሽር፣ ሌላው ደግሞ የተማሪ ቦርሳ ይሠራ ጀመር።

ማታ በማደሪያችን ክርክር ተነሣ። ግማሾቻችን፣ «መመሪያው አምስት ሥዕል ነው፤ ስድስተኛ ሥዕል የለም፤ የክፍል ሥርዓት እንዲህ ይፈርሳል» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ፣ «እንዴ! ታዲያ የምንፈልገው ይህንኑ አይደለም እንዴ?» አልን። ብዙ ከተጨቃጨቅን በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን። አምስቱ ሥዕሎች ልጁ እችላለሁ እንዲል ናቸው፤ እዚያ ላይ ምንም መንገድ ክፍት መተው አያስፈልግም። ነገር ግን እችላለሁ ያለ ልጅ የሚሰካበት ባዶ ቀዳዳ ካጣ የሰው ሥራ ገጣጣሚ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ በሮቦታችን ደረትና ጀርባ ላይ በመመሪያው ያልተጠቀሱ ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ መጠባበቂያ ችንካሮቹም ሦስት ሆነዋል። ለምን እንደሆኑ ለልጆቹ አንነግራቸውም። ይጠይቁናል፤ ወይም ሳይጠይቁ ይሰኩባቸዋል።

አሁን ወደ ጠመኔው ጥያቄ። እውነት ነው፣ ሮቦት ጠመኔን አይተካም። ነገር ግን ይህ ዕቃ ከጠመኔው በጀት አንድ ሳንቲም አልወሰደም። አገዳ ለከብት መኖና ለማገዶ የሚፈለግ መሆኑን እናውቃለን፤ ለስምንቱ ሮቦት ያስፈለገን ግን አንድ ሸክም እንኳ አልሞላም። ደግሞ በተለያዩ ትምህርት ቤቶች ያየነው ነገር አለ፦ ውድ የሆነ የመርጃ መሣሪያ ይሰበራል ተብሎ ተፈርቶ በቁም ሣጥን ተቆልፎበት አቧራ ይጠጣል። የአገዳ ክንድ ቢሰበር ግን ልጁ ራሱ በእረፍት ሰዓት ሌላ ይሠራል። መሰበር የሚፈቀድለት ዕቃ ብቻ ነው በልጅ እጅ የሚገባው። የሚፈራው ነቀዝ ነው፤ እሱንም አገዳውን በደንብ አድርቆና ከጭስ በላይ ሰቅሎ ማቆየት ይከላከለዋል። ለአካባቢ ሳይንስ ስለ መገጣጠሚያና ስለ ጅማት፣ ለሒሳብ ስለ መለካትና ስለ ጥንድ፣ ለክወናና እይታ ጥበባት ስለ ቅርፅ ማስተማሪያ ይሆናል።

በሚቀጥለው ዓመት ከመካከላችን አንዳንዱ መንገድ ተቆርጦ በእግር ወደሚደረስበት፣ መብራት ወደሌለው ትምህርት ቤት ይመደባል። እዚያ ሌጎም ባንዳይም አይጠብቁትም። አገዳ፣ ሸምበቆ፣ ቆርኪና አሮጌ ጫማ ግን ይጠብቁታል፤ ከሁሉም በላይ በጥርሱ ልጦ መሥራት የሚያውቅ ልጅ ይጠብቀዋል። እኛ የሠራነውን እንዲሁ መገልበጥ አያስፈልግም፤ በሬ ይሁን፣ ወፍጮ ይሁን፣ ድልድይ ይሁን። ብቻ ድካሙን አስቀድሞ ራሱ መምህሩ ይድከምበት፤ ለልጁም አንድ ባዶ ቀዳዳ ይተውለት።

ስምንቱ ሮቦቶች በትምህርት መርጃ ማዕከላችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። ቁልፍ የለባቸውም። መምህራኖቻችን መጥታችሁ ፍቱአቸው፤ የሚላላውን ንገሩን። ጓደኞቻችን ደግሞ ለዕረፍት ወደ ቆላ ስትወርዱ የደረቀ አገዳና የዘይት ጠርሙስ ክዳን አትርሱን፤ ለሁለተኛው ክፍል ስምንት መሥራት ጀምረናል።