የዘጠኝ ምክንያት

የባንክ ሠራተኛ ስለሆንሁ ሒሳብ የሚቀልለኝ የሚመስላቸው ወዳጆች አሉኝ። ገንዘብ መቁጠርና ሒሳብ ማወቅ ግን የአንድ ቤት ልጆች ቢሆኑም ጠባያቸው ለየቅል ነው። እኛ ከመስኮቱ ኋላ የምናሰላው በማሽን ነው፤ ለንግድ ሥራ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ የሚጠየቀው ጂማት ግን በሒሳብ ክፍሉ ማስያ አይፈቅድም። 21 ጥያቄ በ45 ደቂቃ ይሠራል፤ ውጤቱም ከ60 እስከ 90 ባለው መለኪያ ይሰጣል። የእኔ የመጀመሪያ ልምምድ 72 ሆነ። የተመኘሁት የነጻ ትምህርት ዕድል በዚህ ቁጥር አይገኝም። የፈተናው ዋጋ ደግሞ በዶላር ነው፤ ታናሽ እህቴን የማስተምር ሰው ነኝና ሁለት ጊዜ ልፈተን ማለት ከእርሷ ድርሻ ልቀንስ ማለት ነው።

ስለዚህ ብዙ ጥያቄ ከማግበስበስ ጥቂቱን እስከ ሥሩ መቆፈር መረጥሁ። መንገዱን ያሳየኝ የገዛ ሥራዬ ነው። አመሻሽ ላይ የዕለቱ ሒሳብ ሲዘጋ በእጅ ያለው ገንዘብና መዝገቡ አልገጥም ካሉ፣ ነባር ባልደረቦቻችን «ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት» ይሉናል። ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ይሆናል፤ 540 የነበረው 450 ተብሎ ተጽፎ እንደሆነ ልዩነቱ 90 ነውና። ይህን ብልሃት እንደ ዳዊት በቃሌ ይዤው ኖሬአለሁ። አንድ ምሽት ለእህቴ ሳጫውታት «ለምን 9 ሆነ፣ ጋሼ?» አለችኝ።

ወረቀት አነሣን። የዐሥር ቤቱ አሃዝ ሀ፣ የአንድ ቤቱ ለ ቢሆን ቁጥሩ 10ሀ + ለ ነው። ሲገለበጥ 10ለ + ሀ ይሆናል። አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የሚተርፈው 9 ጊዜ የሀ እና የለ ልዩነት ነው። በቃ! የባልደረቦቼ ምሥጢር ይኸው ነበር። በዚያው ሳምንት ከልምምዶቹ አንዱ «ባለ ሁለት አሃዝ ቁጥር ተገልብጦ ልዩነቱ 27 ቢሆን፣ በአሃዞቹ መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው?» ሲል ጠየቀ። እርሳስ ሳላነሣ 3 አልሁ። ፍጥነት የሚባለው ነገር ከእጅ ቅልጥፍና ይልቅ ምክንያትን ከማወቅ እንደሚመጣ ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ቋንቋው ነው። እንግሊዝኛው «ስሪ ሌስ ዛን ኤክስ» ሲል 3ን ያስቀድማል፤ የቸኮለ ሰው 3 ሲቀነስ ኤክስ ብሎ ይጽፋል። በአማርኛ ግን «ከኤክስ በ3 ያነሰ» እንላለን፤ የቃሉ ቅደም ተከተል ራሱ ኤክስ ሲቀነስ 3 ነው። ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች የገዛ ቋንቋችን ለአልጀብራ እንዲህ እንደሚመች ልብ አላልነውም። አሁን ጥያቄውን በልቤ ወደ አማርኛ መልሼ ከዚያ ወደ ምልክት እወስደዋለሁ። ግጥም እየሞካከርሁ ያዳበርሁት ቃል የመመዘን ልማድም እዚህ ጠቀመኝ፤ «ቢያንስ 5» ሲባል 5 ራሱ ይገባል፣ «ከ5 በላይ» ሲባል ግን አይገባም።

ለመፈተን ለምታስቡ አንድ ነገር ላንሣ። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ስለታደሰ ከአሮጌ መጻሕፍት ተራ የምትገዙት መመሪያ ብዙ ገጹ ጂኦሜትሪ ሊሆን ይችላል፤ በአዲሱ የሒሳብ ክፍል ግን ጂኦሜትሪ የለም። (ሦስት ማዕዘን እወድድ ስለነበር ጥቂት አዝኛለሁ።) «የተሰጠው መረጃ ለመልሱ ይበቃልን?» የሚለው የጥያቄ ዓይነትም መረጃን ወደሚመለከተው ሌላ ክፍል ተዛውሯል። እርሱን እንደ ብድር ማመልከቻ አነብበዋለሁ፤ የሚጠየቀው በእጅ ያለው ማስረጃ ለውሳኔ መብቃቱ ብቻ ነውና።

የመጨረሻው ልምምዴ 79 ደርሷል። ፈተናው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። እህቴ ደግሞ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ሲገለበጥ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ99 እንደሚካፈል አግኝታ፣ ምክንያቱን ራሴ እስክደርስበት ድረስ ወረቀቱን ደብቃብኛለች።