ከመዝገብ ቤት ወደ አሳታሚነት

በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት 12 ዓመት አገልግያለሁ። ትምህርቴ ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም፤ ነገር ግን ሰውን ዕለት ዕለት የሚነካው ነገር ያስተምረዋልና ስለ ክስ፥ ስለ መልስ፥ ስለ ይግባኝም ጥቂት ዐውቃለሁ። አባቴ በገነተ ማርያም ገበያ «ልጄ የሕግ ሰው ነው» እያሉ ሲናገሩልኝ ሰምቼ አፍሬም ደስ ብሎኝም ያውቃል። ይህን ሥራ ትቼ መጽሐፍ ወደ ማሳተም ልገባ መሆኔን የሰሙ ዕለት ግን ዝም አሉ፤ ሦስት ቀንም አላነጋገሩኝም።

ነገሩ የጀመረው በአንድ የድንበር ክርክር ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግርጌ ስላለ ማሳ ተካሰው ቀረቡ፤ ለምስክርነትም አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተጠሩ። መሪጌታ ቃላቸውን ሰጥተው ሲያበቁ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ደብተር አወጡ። የየወንዙንና የየጎጡን ስም ከነምክንያቱ፥ የትኛው ምንጭ በማን ዘመን እንደ ደረቀ፥ የትኛው ቤተ ሰብ ከወዴት መጥቶ እንደ ሰፈረ፥ ከአባታቸውና ከሌሎች ሽማግሎች እየሰሙ በእጃቸው የጻፉት ነው። ፍርድ ቤቱ ስለ ማሳው የሚናገረውን አንድ ገጽ ተቀበለ። የቀረው «ከጭብጡ ጋር ግንኙነት የለውም» ተባለ። በሕግ ረገድ ይህ ትክክል ነው። እኔም ያችን አንዲት ገጽ ገልብጬ ከመዝገቡ ጋር አያያዝኋት።

ችሎቱ ከተነሣ በኋላ መሪጌታ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው ደብተሩን ዘረጉና «ልጄ፥ ይህን አትምልኝ» አሉኝ።

ማኅተም እንዳሳርፍበት የለመኑኝ መሰለኝ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ላስታ በደረሰ ጊዜ ከየቢሮውም ከየቤቱም ወረቀት ሲጠፋ አይተዋል፤ ማኅተም ያለበትን ግን ሰው ይፈራው ይሆናል ብለው አስበዋል አልሁ። «መሪጌታ፥ የቢሮው ማኅተም ለውሳኔ ግልባጭ እንጂ ለደብተር አይሆንም» ብዬ መለስሁላቸው። ቅር ሳይሰኙ ጠቅልለው ሄዱ። ቃላቸው ግን ከጆሮዬ አልወጣም። ማኅተምም ማተሚያም ከአንድ ግሥ የወጡ ናቸው፤ ይህንም ግእዝ ዐዋቂው መሪጌታ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የትኛውን እንደ ለመኑኝ ዛሬም በሙሉ ልብ ለመናገር አልችልም።

በተከታዩ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ በግድግዳው ላይ ያለውን የዐፄ ይኩኖ አምላክን ሥዕል ቆሜ አየሁ። በ13ኛው መቶ ዓመት ይህን ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ እርሳቸው መሆናቸውን ከሥዕሉ አጠገብ ያለው ጽሕፈት ይናገራል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬ ያን ቀን ብቻ አንድ ነገር አሰብሁ፤ ጽሕፈቱን በዓይኑ ሊያነብ የሚወድ ሰው እዚህ ድረስ መምጣት አለበት። አለት ጸንቶ ይኖራል፤ ግን አይባዛም። የመሪጌታ ደብተር ደግሞ አለትም አይደለም።

ከሕግ ሥራ ወደ ማተሚያ ቤት በመሄድ የመጀመሪያው እኔ አይደለሁም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች መካከል የሚነሣውን ክርክር በሚሰማው ልዩ ፍርድ ቤት ሠርተዋል፤ ጎሐ ጽባሕ የተባለውንም ማተሚያ ቤት አቁመው መጻሕፍታቸውን አሳትመውበታል። ከዚያ ሁሉ በፊት፥ በ1904 ዓ.ም.፥ በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት ቈጥረው ዝርዝሩን ማውጣታቸው እጅግ ያስደንቀኛል፤ እንደ ጥሩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ አስቀድመው ያለውን ቈጠሩ። ነገር ግን ራሴን አላታልልም። ብላቴን ጌታ ማተሚያ ቤት በማቆማቸው የመንግሥት ሥራቸውን አልተዉም፤ ኋላም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። እኔ የምተወው ደመወዝ ጥቂት ቢሆንም፥ ያለኝ እርሱ ብቻ ነው።

ሰዎች አታሚንና አሳታሚን አንድ ያደርጓቸዋል። አታሚ መኪናው ያለው ነው፤ የሠራበትን ይቀበላል። አሳታሚ ግን መጽሐፉ ባይሸጥ ኪሳራውን የሚሸከመው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አሳታሚነት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የደራሲውን መብት በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቅለታል። ይህን ሁሉ አንብቤ ተደሰትሁ። በኋላ ከአንድ ማተሚያ ቤት ዋጋ ጠየቅሁ፤ ከ500 ቅጂ በታች እንደማያዋጣው፥ የነገረኝም ዋጋ የሚጸናው ለ7 ቀን ብቻ እንደ ሆነ ነገረኝ። ወረቀቱ ከውጭ አገር የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ ወዲህም ማንም ለረዥም ጊዜ ቃል አይገባም። ደስታዬ ቀነሰ።

አባቴ በአራተኛው ቀን አንደበታቸውን ፈቱ። «ወደ ፍርድ ቤት ሰው ሳይጠሩት ይመጣል፤ መጽሐፍህን ፈልጎ የሚመጣው ማን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም። የልጆቼን ትምህርት ቤት ወጪ ጠቅሰው ሲናገሩም አንገቴን ደፋሁ። የሆነ ሆኖ የመልቀቂያ ማመልከቻዬን አስገብቻለሁ፤ የአንድ ወሩም ማስታወቂያ ጊዜ እየተቈጠረ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የአሳታሚነቱን ውል በኮምፒዩተር ጽፌ ለመሪጌታ አቀረብሁ። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና በሦስተኛው መስመር ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ሥራ በንጉሡ ሠ ነው። መጽሐፌንም እንዲህ አድርገህ ልታትመው ነውን?» አሉኝ። አርሜ እንደ ገና አተምሁት። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ አባቴ ነበሩ፤ ስለ ሥራው አንድ ቃል ሳይናገሩ ፈረሙ።

መሪጌታም ደብተሩን ከነጨርቁ ሰጡኝ። እኔም እንደ መዝገብ ቤት ልማድ ገጹን ከፊታቸው ቈጥሬ ደረሰኝ ጻፍሁላቸው፤ 186 ገጽ።