ሞተሩን የሚሸከም መኪና

ባለቤቴ 68 ዓመቱ ነው። የወገቡ ዲስክ ተንሸራቷል፤ ስኳርም አለበት፤ ሞተር ብስክሌቱን ግን አልሸጥም ብሏል። በወጣትነቱ አርሲና ባሌ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ ገበሬው ዘንድ የሚደርሰው በሞተር ስለነበር፣ ከጡረታ በኋላም ዓመት በዓመት ወደዚያ አገር መውረድ ለሱ ንግሥ እንደመሄድ ነው። ልጆቻችን «ሽጠውና ተገላገል» ይሉታል። እኔ በበኩሌ 32 ዓመት በነርስነት ሳገለግል ያየሁት አንድ ነገር አለ። ጡረታ የወጣን ወንድ የሚወደውን ነገር ነጥቀው ሶፋ ላይ ቢያስቀምጡት፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ የሕክምና ካርዱ ይወፍራል።

ስለዚህ ተስማማን። ሞተሩን እሱ ይነዳል፣ መኪናውን እኔ። ደስ የሚለው መንገድ ላይ ይጋልባል፤ ሲደክመው ሞተሩ መኪናው ላይ ይወጣል፣ እሱም ጎኔ ይቀመጣል። የቀረው መኪናውን መምረጥ ብቻ ነበር። እሱ ስምንት ወር ፈጀብን።

ከኋላው መከተል የፈለግኩት በቅናት ወይም በፍርሃት አይደለም። ከሚወስዳቸው ክኒኖች አንዱ ስኳሩን ከሚፈለገው በታች ሊያወርድ የሚችል ነው። ስኳር ሲወርድ ሰውነት ያስጠነቅቃል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ረሃብ፣ የልብ ምት መፍጠን። ሞተር ላይ ግን ላቡን ነፋስ ያደርቀዋል፤ መንቀጥቀጡን የሞተሩ ንዝረት ይሸፍነዋል፤ ረሃቡንም ወንድ ልጅ መንገድ ላይ «ቆይ እንደርሳለን» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ የሚመጣው የሐሳብ መደናገር ነው፤ ያኔ ደግሞ ራሱን ማዳን አይችልም። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቆመን ጣቱን እወጋዋለሁ። ከ100 በታች ከሆነ በልቶ፣ ጠብቆ፣ እንደገና ተለክቶ ነው የሚነሳው። ሕጉ የኔ ነው፤ ተቀብሎታል።

ሞተሩን መሸከም የግድ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ ገደብ ተጥሏል። የኛ ሰው ጉዞ የሚጀምረው ከከተማው ወጥቶ ነው።

መጀመሪያ ያሰብነው ርካሹን መንገድ ነበር፤ ያለችንን ትንሽ መኪና ይዘን ከኋላዋ ተሳቢ ማስቀጠል። ብየዳ ቤቱ «በሁለት ሳምንት ሠርቼ አስረክባለሁ» አለን። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ያማሃ ኤ ጂ 200 ከነነዳጁ 125 ኪሎ ግድም ነው፤ ተሳቢው 200 ቢመዝን አንድ ላይ 325 ይሆናል። ከዚህ ውስጥ አንድ አሥረኛው ያህል መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ክብደቱ ወደ ኋላ ካዘነበለ ተሳቢው መንገድ ላይ እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል፤ መሪውንም ይነጥቃል። ይህን በጥንቃቄ መጫን ይቻላል እንበል። ግን የራሱ ፍሬን የሌለው 325 ኪሎ ከአሰላ ወደ አዳማ ሲወርድ ባለ 1 ሺህ ሲሲ መኪና ከኋላ እየገፋ ነው። ሰሌዳ ማውጣቱ፣ ከተማ ውስጥ ወደ ኋላ ማስኬዱ፣ ግቢ ውስጥ ማቆሚያው ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ከጥቅሙ ጣጣው በለጠ። ተሳቢው ቀረ።

እዚህ ላይ ስለ ምቾት የማውቀውን ልናገር። ዓመታት በአምቡላንስ ጀርባ ተጉዣለሁ፤ የአርሲን ጠጠር መንገድ በጎን ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ አንድ እጄ ግሉኮሱን፣ አንድ እጄ የምታምጠውን እናት ይዞ። ያ ላንድ ክሩዘር ተራራ ይወጣል፣ ወንዝ ያቋርጣል፤ ሰው ለመሸከም ግን ባሌስትራው ምሕረት የለውም። ሾፌሮቹ «ጠንካራ መኪና ነው» ሲሉ የታችኛው አከርካሪዬ ምን ማለታቸው እንደሆነ ያውቅ ነበር። ወንበር ላይ ስንቀመጥ ወገባችን ላይ ያሉት ዲስኮች ከቆምንበት ጊዜ ይበልጥ ይጫናሉ፤ ንዝረት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መኪና ሲቀርብልኝ ቀድሜ የማየው ሞተሩን አልነበረም፤ ወንበሩን ነው። ደላሎቹ ይህ ያስቃቸው ነበር።

ዶልፊን ሚኒባስ ታይቷል። ወንበሮቹን አውልቆ ሞተሩን ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ወለሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ዝናብም ሌባም አይደርስበትም። ባለቤቴ ወዶት ነበር። እኔ ግን ቤንዚን ካለው ሞተር ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ስምንት ሰዓት የቤንዚን ትነት መተንፈስ አልፈልግም። ራስ ምታቱ፣ ማቅለሽለሹ፣ የእሳቱም ነገር አለ። መስኮት ከፍቶ መሄድ መፍትሔ ነው ያሉኝ ሰዎች በበቆጂ ብርድ መስኮት ከፍተው ሄደው አያውቁም።

ትንንሾቹ የጭነት መኪኖችም ታይተዋል። ዋጋቸው ረከስ ያለ፣ ነዳጃቸው ቆጣቢ፣ ጭነት ቦታቸው ዝቅ ያለ ነው። ከሁሉ የምወደው ይህን ዝቅታቸውን ነበር። ነገር ግን ሹፌሩ የሚቀመጠው የፊት ጎማው ላይ ነው፤ ወንበሩ እንደ ትምህርት ቤት ዴስክ ቀጥ ያለ ነው፤ ጉልበቴን ማጠፍ እንጂ መዘርጋት አይቻልም። ግራ ጉልበቴ ካለቀ ቆይቷል። በከተማ ለሚሠራ ነጋዴ ጥሩ ነው፤ ለባሌ መንገድ ግን አይሆነኝም።

ልጄ «እማዬ፣ ኤሌክትሪክ ግዢ» አለኝ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ያገለገሉት ዋጋ ጣራ ነክቷልና ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ለአዲስ አበባ ኑሮ ቢሆን ዛሬውኑ እገዛለሁ። ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ባትሪው ቶሎ ይወርዳል፤ በዚያ ላይ ብርድ አለ፤ ከጎባ ወዲያ መሙያ ፍለጋ መዞር ደግሞ በኔ ዕድሜ አይሆንም። እሱ «ቴክኖሎጂ ትፈሪያለሽ» አለ። ፈርቼ ሳይሆን ኪሎ ሜትሩን ቆጥሬ ነው።

እንግዲህ የቀረው ፒክአፕ ነው። እዚህ ላይ ሜትር ይዤ መዞር ጀመርኩ። የኛ ሞተር ርዝመቱ ከሁለት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሰው ሁሉ የሚሻማበት ደብል ጋቢና የጭነት ቦታው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ሞተሩ የኋላው መዝጊያ ተከፍቶ፣ ጎማው ወጥቶ ነው የሚሄደው። ሲንግል ጋቢና ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል፤ ግን የወንበሩ መደገፊያ ከጋቢናው ግድግዳ ጋር ስለሚጋጭ ወደ ኋላ አይተኛም። ለወገብ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ዘንበል ማለት ከትራስ ይበልጣል። በመካከል ያለው፣ ደላሎቹ «ኤክስትራ ካብ» የሚሉት፣ ከወንበሩ ኋላ ትንሽ ትርፍ ቦታ ያለው ነው። ወንበሩ ይተኛል፣ መድኃኒቱና ምግቡ ከኋላ ይገባል፣ ሞተሩም ትንሽ ሰያፍ ተደርጎ ሲቆም ይበቃዋል። ሰው ብዙ ስለማይፈልገው ዋጋውም ከደብል ጋቢናው ይቀንሳል። ዋጋውን አልጽፈውም፤ ጋዜጣው ታትሞ እስኪወጣ ይለወጣል።

ከፍታውን በተመለከተ ከባለቤቴ ጋር ተከራክረናል። እሱ ከፍ ያለውን ባለ ሁለት ዲፍረንሻል ይወዳል። ባለ ሁለት ዲፍረንሻሉ ግን ይከብዳል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ከሁሉ በላይ ጭነት ቦታው ከመሬት ይርቃል። ሞተሩን የምናወጣው ሁለት ሽማግሌዎች ነን። ጤና ጣቢያ ውስጥ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራው መወጣጫ ለአንድ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሜትር ርዝመት ቢኖረው ይመከራል፤ ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቁልቁለቱ በለጠ ማለት ገፊው ተሸከመ ማለት ነው። የኛ መወጣጫ 2 ሜትር ከ40 ነው። ጭነት ቦታው 85 ሴንቲ ሜትር ከፍ ካለ፣ 125 ኪሎውን ሞተር ለመግፋት 44 ኪሎ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። 65 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ወደ 34 ይወርዳል። አሥሩ ኪሎ ለወጣት ምንም አይደለም፤ ዲስኩ ለተንሸራተተ ሰው ግን ልዩነቱ ሆስፒታል ነው። ሒሳቡን በወረቀት ሳሳየው ዝም አለ። ባለ አንድ ዲፍረንሻሉ ተመረጠ። በዚያ ላይ ዳገት ጥግ አስጠግቼ የማቆምበትን ቦታ መፈለግ ተምሬያለሁ፤ የኋላ ጎማው ዝቅታ ላይ ሲሆን መወጣጫው ይለጠጣል።

የናፍጣና የቤንዚን ጉዳይ ደግሞ የከፍታ ጉዳይ ነው። የምንወደው መንገድ ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ በሐረና ደን ወደ ዶሎ መና የሚወርደው ነው። ሳነቴ ላይ መንገዱ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፤ አጠገቡ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። እዚያ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ግድም ብቻ ነው። ሰው እንደሚያለከልከው ሁሉ ቱርቦ የሌለው ሞተርም አቅሙ ይወርዳል። ቱርቦ ያለው ናፍጣ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉዳቱ ያንሳል። የባለቤቴ ሞተር ብስክሌት እዚያ ያስነጥሰዋል፤ እሱንም ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያ አድርጌ አየዋለሁ፤ ሁለቱንም ቶሎ አውርጄ ወደ ደኑ አስገባለሁ።

ቁጠባውን የሻጭ አፍ አልነገረኝም። ከመግዛታችን በፊት አንድ ዓይነት መኪና ለአንድ ቀን ተከራየን፤ ሞተሩን ጭነን፣ ነዳጁን አፉ ድረስ ሞልተን፣ አሰላ ደርሰን ተመለስንና እንደገና ሞላን። 350 ኪሎ ሜትር በ32 ሊትር፤ በሊትር ወደ 11 ማለት ነው። ሻጩ «በሊትር 14 ይሄዳል፣ ማዘር» ብሎኝ ነበር። ባዶውን፣ ቁልቁለት ሆኖ፣ ነፋስ ሲገፋው ይሆናል። 11ም ቢሆን ለኛ ይበቃል፤ ሳልባትዮው ወደ 80 ሊትር ስለሚይዝ የክፍለ ሀገር ወረፋ ውስጥ ሳንገባ ጎባ ደርሰን ብዙ ይተርፈናል።

ደላላው ትዕግሥቱ ያለቀው ወንበሩ ላይ ነው። ለግማሽ ሰዓት ቁጭ ብዬ ጋዜጣ አነበብኩበት። ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ስረግጥ ጉልበቴ ትንሽ እንደታጠፈ መቅረት አለበት፤ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋ ወንበሩ ሩቅ ነው። ታፋዬ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር ተጫኖ የእግሬን ደም ሥር ማፈን የለበትም። ስወጣና ስገባ የምይዘው እጀታ ያስፈልገኛል። ከዚያ ኮብልስቶን ላይ አንድ ሰዓት ነዳሁት። «ማዘር፣ ሰው የሚገዛው ሊብሬና ቦሎ አይቶ ነው እኮ» አለኝ። ሊብሬውንም አይቻለሁ፤ ቦሎውንም። እነሱ ግን ወገብ አያሳምሙም።

መካኒካችን የነገረኝን እንድትሞክሩት እወዳለሁ። «ሲስተር፣ ፒክአፕ ባዶውን የሚዘለው ሁልጊዜ በባሌስትራው አይደለም፣ በጎማው ነው» አለኝ። ጎሚስታዎች ፒክአፕ ሲያዩ የሙሉ ጭነት ንፋስ ይሞላሉ። በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ለባዶና ለጭነት የተለያየ መጠን ተጽፏል። የኛ ጭነት ከአቅሙ ሩቡን ስለማይሞላ በባዶው ልክ አስተካከልነው፤ ሌላ መኪና የገዛን መሰለኝ።

ማሰሩ የኔ ሥራ ነው፤ ሕመምተኛ አልጋ ላይ ከማሰር አይለይም። የፊት ጎማው ጋቢናውን ይነካል፣ ማርሹ ይገባል፣ የቤንዚኑ መዝጊያ ይዘጋል። አራት ቀበቶ፣ ሁለት ከፊት ሁለት ከኋላ፤ የፊቶቹ ሾኩን ግማሽ ድረስ እስኪጫኑ ይጠበቃሉ፤ እስከ መጨረሻው ከተጫነ ግን ጉድጓድ ላይ መተንፈሻ ያጣል። ሃያ ኪሎ ሜትር ላይ ቆሜ እንደገና አጠብቃለሁ። ባለቤቴ «ከኔ በላይ እሱን ትንከባከቢያለሽ» ይላል።

ጥቅምት ላይ፣ ሳነቴ ከጭጋግ ሲጠራ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንነሳለን፤ ቃሊቲ ሳይጨናነቅ ለማለፍ። ለወረፋው መክፈያ ቴሌብሩ ተሞልቷል፣ የስኳር መለኪያው ባትሪ ተቀይሯል። የቀረው ሸራ ነው። ባለቤቴ ከሞተሩ ቀለም ጋር የሚሄድ አረንጓዴ ይፈልጋል፤ እኔ ቅዳሜ መርካቶ ሸራ ተራ ወርጄ ወፍራሙን እይዛለሁ።