ሠላሳ ለምን ይሞላል?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው። ልጃችሁ የሒሳብ ፈተና ወረቀቱን አጣጥፎ የሚደብቅባችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ሒሳብን ሽሽት የምትወዱትን ትምህርት የተዋችሁ ካላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ኩታበር ተወልጄ፣ ኩታበር አድጌ፣ አሁንም እዚያው ነው የምሠራው። ቅዳሜ ቅዳሜ ገና በደንብ ሳይነጋ ጋቢዬን ደርቤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ። ቦሩ ሜዳን አልፈን ደሴ ስንገባ ፀሐይ ሞቅ ማለት ትጀምራለች። በ36 ዓመቴ ዲግሪ ጀምሬአለሁ። ሲኦሲ አልፌ፣ ልጅ አሳድጌ፣ ገንዘብ አጠራቅሜ ነው እዚህ የደረስኩት። የመጀመሪያው ቀን የኮርስ ዝርዝር ሲታደለን ግን ዓይኔ ያረፈው አንድ ቃል ላይ ብቻ ነበር፦ ማቴማቲክስ። ሆዴ ቡጭ አለ።

ታች ክፍል እያለሁ ሒሳብ እወድ ነበር። ትምህርቱ በአማርኛ ነበር፤ ላዕል፣ ታህት፣ ድምር፣ ቀሪ። እናቴ ገበያ ውላ ስትመለስ የሸጠችውንና የገዛችውን የማሰላላት እኔ ነበርኩ። ከፍ ያለ ክፍል ስንደርስ ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ዞረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቁጥሩ መሐል ፊደል ገባ። ሁለቱ ተከታትለው ስለመጡ የትኛው እንደከበደኝ እንኳ መለየት አቃተኝ። "ሲምፕሊፋይ" ይባላል፣ እንሠራለን። "ፋክተራይዝ" ይባላል፣ እንሠራለን። ምን እየሠራን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን እጄን አወጣሁና "ቲቸር፣ ኤክስ ምንድን ነው?" ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "አንቺ ዝም ብለሽ ፎርሙላውን ያዢ" ተባልኩ። ያዝኩት። ማትሪክ ላይ ጥያቄው ትንሽ ዘወር ብሎ ሲመጣ የያዝኩት ሁሉ በነነ፤ በሒሳብ ዲ አመጣሁ። ከዚያ ወዲያ "እኔ ሒሳብ አይሆንልኝም" የሚለውን እንደ ስሜ ተሸክሜው ኖርኩ። ያ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ እንደነበር ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጀብኝ።

ኮሌጅ በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት መምህራችን ሰሌዳ ላይ አስወጣኝ። ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ልጅ ነው። ላዕሉ ኤክስ ሲደመር 6፣ ታህቱ 6 ነበር። እኔም የላይኛውን 6 በታችኛው 6 ሰረዝኩና መልሱን ኤክስ ብዬ ጻፍኩ። እጄ ላብ በላብ ሆኗል። መምህሩ አላጠፋውም፤ ጠመኔውንም ከእጄ አልወሰደም። "እህቴ፣ እስቲ ኤክስን 12 አድርጊው" አለኝ። 12 እና 6፣ 18። ለ6 ሲካፈል 3። "አንቺ መልሱ ኤክስ ነው ብለሻል፤ ኤክስ ደግሞ 12 ነው። 12 እና 3 እኩል ናቸው?"

አይደሉም።

ቀጠለና እንዲህ አለ። "ስድስት ወንድማማቾች አንድ ጎተራ ገብስና ስድስት ቁና ገብስ ወረሱ እንበል። ሲካፈሉ እያንዳንዳቸው ስንት ይደርሳቸዋል?" አንድ አንድ ቁና፣ ከጎተራው ደግሞ ስድስተኛውን አልኩ። "አንቺ በሰረዝሽው መሠረት ግን ቁናው ጠፍቶ እያንዳንዳቸው ሙሉ ጎተራ ይዘው ሄዱ።" በዚያች ቅጽበት የሆነውን እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። ኤክስ ማለት ጎተራው ነው! ስንት ቁና እንደሚይዝ ገና ያልሰፈርነው ጎተራ። ስላልሰፈርነው ግን መካፈል፣ መደመር፣ ለሌላ መስጠት አልተከለከልንም። ስንት እንደሆነ ሳናውቅ በሥርዓት እንይዘዋለን፤ በመጨረሻ ራሱ ስንትነቱን ይነግረናል። ሃያ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ፊደል አያቴ ጓሮ ቆሞ እያየሁት ያደግሁት ነገር ነበር።

ከዚያ በኋላ ረሃብ ያዘኝ። ማታ ልጄን አስተኝቼ በስልኬ ማንበብ ጀመርኩ። አልጀብራ የሚለው ቃል ዓረብኛ ነው። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባግዳድ የኖረው አል-ኸዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ ስም፣ ከ"አል-ጀብር ወል-ሙቃበላ"፣ የተወሰደ ነው። ጀብር የተሰበረን መጠገን፣ የጎደለን መሙላት ማለት ነው፤ አጥንት መጠገንም በዚሁ ቃል ይጠራል። የእኛ ወጌሻ ሥራ ማለት ነው። አምስት ኤክስ ሲቀነስ 3 እኩል ይሆናል 12 ቢባል፣ በግራ በኩል የተሰበረ ነገር አለ፤ 3 ጎድሏል። ያንን 3 ትመልሱለታላችሁ፤ ሚዛኑ እንዳያጋድል ለቀኝም ትሰጣላችሁ። አምስት ኤክስ 15 ይሆናል፣ ኤክስ 3። በልጅነቴ "ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" ተብዬ የሸመደድኩት ይኼው ነበር። ምንም አይሻገርም፤ ስብራት ነው የሚጠገነው።

ከሁሉ የገረመኝ አል-ኸዋሪዝሚ መጽሐፉን ሲጽፍ አንድም ኤክስ አለመጠቀሙ ነው። ሁሉንም በቃል ነው የጻፈው። ያልታወቀውን "ሸይእ" ይለዋል፣ በእኛ አፍ "ነገርዬው"። ኤክስ የመጣው ከ800 ዓመት በኋላ፣ ፈረንሳዊው ዴካርት በ1637 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ ነው። እንግዲህ እኔን ያስለቀሰኝ ፊደል ልብስ ነው፤ ነገርዬው ውስጡ አለ።

የመጽሐፉ ትልቅ ክፍል ስለ ውርስ ክፍፍል ነው። ይህን ሳነብ ጎረቤታችን የነበሩት ሼህ ትዝ አሉኝ። ሰው ሲሞት ውርስ የሚያካፍሉት እሳቸው ነበሩ። ሚስት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ የተወ ሰው 24 በግ ቢኖረው፣ ለሚስት ስምንተኛው ነውና 3 ይሰጣታል። 21 ይቀራል። ወንዱ የሴቷን እጥፍ ይወስዳል፤ የሴቷ ነገርዬው ከሆነ የወንዱ ሁለት ነገርዬው ነው፣ ሦስት ነገርዬው 21፣ አንዱ 7። ለሴቷ 7፣ ለወንዱ 14። ሼሁ ይህን አጎንብሰው በጠጠር ሲሠሩት አይቻለሁ። ፊታችን የነበረው አልጀብራ መሆኑን የነገረን ግን የለም።

ይህን ሁሉ የማወራው ስለ ራሴ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ። ቁጥሩ በወጣ ቁጥር "የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው" የሚል አስተያየት ይጎርፋል። እኔ አልቀበለውም። የእኛ አካባቢ ልጆች በ2014 መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ኩታበርና ደሴ ሲደርስ ትምህርት ተዘግቶባቸዋል፣ ተሰደዋል፣ ሲመለሱ ወንበር የሌለው ክፍል ጠብቋቸዋል። ከዚያ ሁሉ በፊትም ቢሆን ኤክስ ጎተራ መሆኑን የነገራቸው አልነበረም። የእህቴ ልጅ ሪሚዲያል ገብታ ሳለ አንድ ማታ የሠራችውን ወረቀት ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ላከችልኝ። የላይኛው 4 በታችኛው 4 ተሰርዟል። ልክ እንደኔ! ደወልኩላት፤ እያለቀሰች ነው። "አብሽሪ የኔ ልጅ፣ ጎተራውን ማን ወሰደው?" አልኳትና ከስር ጀመርን። አንድ ሰዓት ተኩል አወራን። ስንፍና ብዬ የምጠራው ነገር በዚያ ስልክ ውስጥ አልሰማሁም። ዝም ብላ ፎርሙላ ይዛ የመጣች ልጅ ነበረች።

አሁን ለመጻፍ የተነሳሁበትን ልንገራችሁ።

አጎቴ መሪጌታ ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ፣ የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ስሌት፣ ያስተምራሉ። በ2018 ዓ.ም. መስከረም ልጠይቃቸው ሄጄ ተማሪዎቻቸውን የዓመቱን ሲያስወጡ ደረስኩ። 5500 ዓመተ ፍዳ እና 2018፣ 7518። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ይተዉታል፤ ወንበር 12። ወንበሩን በ11 አባዝቶ ሠላሳ ሠላሳውን መግደፍ ነው፤ 132፣ አበቅቴ 12። ወንበሩን በ19 አባዝቶ እንደገና ሠላሳ ሠላሳውን መግደፍ፤ 228፣ መጥቅዕ 18። የዚያ ዓመት ጾመ ነነዌ ጥር 25 መዋሉ ከዚች 18 የመጣ ነው። ከዚያ የኔታ እንደ ማረጋገጫ "አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ?" ይላሉ፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ "ሠላሳ!" ይላሉ። 12 እና 18።

ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ሁልጊዜ ሠላሳ ነው። ያን ቀን ግን "ለምን?" የሚለው ጥያቄ አፌ ላይ መጣ፤ የሚስቅብኝ ክፍል ደግሞ አልነበረም። "የኔታ፣ ለምን ሁልጊዜ ሠላሳ ይሞላል?"

"ሥርዓቱ ነው ልጄ።"

ደብተሬን አወጣሁ። ኤክስ መጻፍ አስፈላጊ አልመሰለኝም፤ ወንበርን ወ አልኩት። አበቅቴ 11ወ ነው። መጥቅዕ 19ወ ነው። ሲደመሩ 30ወ። ወንበሩ የፈለገውን ይሁን፣ 12ም 5ም 17ም፣ ድምሩ የሠላሳ ብዜት ነው፤ ሠላሳ ሠላሳውን ሲገድፉት የሚተርፍ የለም። አበቅቴና መጥቅዕ ለየብቻቸው ከሠላሳ በታች ስለሆኑ አንድ ላይ ስልሳ አይሞሉም። ስለዚህ ሠላሳ ብቻ ይቀራል። ሁለት መስመር ነው። የባሕረ ሐሳቡን ሒሳብ ለሁሉም ዘመን በአንድ ፊደል ያዝኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር፤ እንደ ማትሪክ ቀን ግን አልነበረም።

የኔታ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ደብተሬን ረጅም ጊዜ አዩት። ወዋን በጣታቸው እየነኩ "ይቺ ሁሉንም ወንበር ናት?" አሉኝ። ናት አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ "የ2006ንስ?" አሉ።

ቁጭ ብዬ አሰላሁት። 7506 ለ19 ሲካፈል 1 ይተርፋል፤ አንዱን ለዘመን ሲተዉት ወንበር አልቦ። 11 ጊዜ አልቦ፣ አልቦ። 19 ጊዜ አልቦ፣ አልቦ። ድምሩም አልቦ። "አበው ግን የዚያን ዓመት መጥቅዕ 30 ነው ያሉት" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ደንግጬ ደብተሬን ዘጋሁት።

ቅዳሜ ለመምህሬ ነገርኩት። መጥቅዕ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም፤ ከስር ጀምሮ አስረዳሁት። የዕለቱን ትምህርት አቆመና ሰሌዳው ላይ በትልቁ ወ ብሎ ጻፈ። ክፍሉ ሁሉ ገባበት፤ ከተንታ የሚመጣ አንድ ልጅ ነው ያገኘው። ሠላሳ የሚገደፍበት ቦታ ላይ 0 እና 30 አንድ መቀመጫ ናቸው አለ፤ ሠላሳውን ገድፎ ባዶ ማለትም ሳይገድፉ ሠላሳ ማለትም ያው ነው። አበው ሳይገድፉ ተዉት፣ ድምሩም ሠላሳ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ቆሜ ለየኔታ ደወልኩ። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። ከዚያ "ከሚኒባሱ ስትወርጂ በዚህ በኩል እለፊ፤ ልጆቹ ገና አልተበተኑም፣ ያችን ወ ትጽፊላቸዋለሽ" አሉኝ።