የፒክ አፕ መስታወትና የልጅ ጣት

በአዲስ አበባ ክረምት መስታወቱ የማይዘጋ መኪና መያዝ ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የደረሰበት ነው። ቀን ዝናቡ ወንበሩን ያበሰብሳል፤ ሌሊት ደግሞ ጆሮ ከጥበቃው ጋር ነቅቶ ያድራል። የእኔ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕ እ.ኤ.አ. የ1985 ሞዴል ነው። ባለፈው ሐምሌ የሾፌሩ በር መስታወት ግማሽ ላይ ቀረ። ማዞሪያው ይዞራል፣ መስታወቱ ግን አይነሳም።

እኛ ገርጂ ሰፈር «ለምን አትሸጡትም?» የማይለኝ የለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ያለንን መጠገን ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ የሰፈር ልጅ «ጋሼ፣ እንጨት እንሸጉጥበትና ይዘጋ» አለኝ። እንጨት የተሸጎጠበት መስታወት አንድ ቀን በር ሲላተም ይወርዳል፤ በዚያን ሰዓት የማን እጅ እዚያ እንደሚሆን አይታወቅም።

በበሩ ሆድ ውስጥ ያለው ነገር ቀላል ነው። ማዞሪያው ትንሽ ጥርስ ያዞራል፤ ያ ደግሞ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ትልቅ ጥርስ ይገፋል፤ ከእሱ ጋር የተያያዘው ክንድ መስታወቱን ከሥር ያነሳል። መስታወት ከባድ ስለሆነ እጅን የሚያግዝ ሞላ አለ፣ እንደ ድሮ ሰዓት ሞላ የተጠቀለለ። የሚያስፈራው እሱ ነው። መስታወቱ ሲወርድ ይጠብቃል፤ ክንዱን የያዘው ነገር በድንገት ከተፈታ ክንዱ ይወረወራል። ሾፌር የነበረው አጎቴ የግራ ሌባ ጣቱን ጫፍ ያጣው በዚህ ዓይነት ሞላ ነበር።

ሥራውን ከልጄ ጋር እሑድ ጠዋት ጀመርን። የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ እኛ ዘንድ ነበረች። «ሂጂ ከዚህ» ብላት ዞራ በሌላ በኩል እንደምትመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሰጠኋትና የቡሎኖች ኃላፊ አደረግኋት። ሕጉ አንድ ነበር፦ ከፊት ጎማው ወዲህ አታልፍም፣ እጇም በር ውስጥ አይገባም።

መጀመሪያ መስታወቱን በእጃችን ገፍተን እስከ ላይ አወጣነው። ያን ጊዜ ሞላውም ይላላል። ከዚያ ከውስጥም ከውጭም በሰፊ ፕላስተር ከበሩ አናት ጋር አሰርነው፤ ፕላስተር ብቻውን አይታመንምና ከሥሩ ሽብልቅ ጨመርን። ማዞሪያው ላይ ቪቴ አይታይም፤ ብዙ ሰው በካቻቪቴ ሲታገል ይሰብረዋል። ከኋላው የፈረስ ጫማ የሚመስል ቀጭን ሽቦ ነው የያዘው። ጨርቅ ከኋላው አስገብቶ እንደ ሊስትሮ ግራ ቀኝ መሳብ ነው። ሽቦው ተፈናጥሮ ስለሚወጣ መነጽር ግድ ነው፤ ለሷም የአባቷን የፀሐይ መነጽር አደረግንላት፣ እስከ ጉንጯ ወረደ።

የበሩ ልባስ ሲነሳ ላሜራው ጠርዙ እንደ ምላጭ ነው፤ የቆዳ ጓንት ያስፈልጋል። ክንዱን ከመስታወቱ ከመፍታታችን በፊት ትልቁን ጥርስና መቀመጫውን አንድ ላይ በትንሽ ሞርሳ ጠፈነግናቸው፤ ሞላው መሄጃ አጣ። ሦስት ጥርሶች ተበልተው አገኘናቸው። ያገለገለ ዕቃ ልጄ በማግስቱ ከሱማሌ ተራ አመጣ። እንዲህ ያለ ዕቃ ስትገዙ ጥርሱን አንድ በአንድ ዳስሱ፤ አዲስ ቀለም አያታልላችሁ። ስንገጥመው ጥርሱን ግራሶ ቀባነው። የመስታወቱን ጎማ ግን ግራሶ ያበላሸዋል፤ አትንኩት።

ልጄ የእሱ መኪና መስታወት በሞተር የሚሠራ በመሆኑ ይኮራል። ልጅ ላለበት ቤት እኔ እሱን ይበልጥ እፈራዋለሁ። ማዞሪያ የሚያዞር ሰው የልጅ እጅ ሲይዝበት ክብደቱ ይሰማዋል፤ ሁሉም ሞተር ግን አይሰማውም። አሜሪካኖች ማብሪያው ወደ ላይ ሲሳብ እንጂ በጉልበት ሲረገጥ መስታወቱ እንዳይዘጋ በደንብ አስገድደዋል። በአሮጌዎቹ ላይ ሾፌሩ በር ላይ ያለውን መቆለፊያ መጫን የወላጅ ሥራ ነው።

ልባሱን ከመመለሳችን በፊት ቆጣሪዋ ቆርቆሮዋን አቀረበች። አሥራ አንድ ቡሎን ወጥቶ ነበር፤ አሥራ አንዱም ገባ። ሽቦውን ብቻ በጡጫዋ ይዛ «ይሄ የኔ ነው፣ አባባ» አለች። ሌላ መግዛት ነበረብኝ። የቀኙም በር ማዞሪያ ጠጠር ማለት ጀምሯል፤ እሱን ለመስከረም ቀጥረነዋል።